ማኅሌቱ እንዳይታጎል፦ ከመዘምራኑ ጀርባ ስላሉ አገልጋዮችና ስለ ሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ማኅሌት እንዲቆም ስለሚያደርጉ ሰዎች ነው። ሌሊት በቅኔ ማኅሌት ጸናጽል ይዘው፣ መቋሚያ ተደግፈው የሚዘምሩትን ሊቃውንት ሁላችንም እናያቸዋለን። ደመወዛቸውን የሚያዘጋጀውን ሒሳብ ሹም፣ ከበሮውንና መጻሕፍቱን የሚጠብቀውን የዕቃ ቤት ኃላፊ፣ ከሥራው መልስ አምሽቶ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውን የሰበካ ጉባኤ አባል ግን ብዙ ጊዜ አናስተውላቸውም። ይሁን እንጂ እነዚህ ድርሻቸውን ባጓደሉ ጊዜ ጉድለቱ ውሎ አድሮ በማኅሌቱ ይታያል። አስቀድሞ አንድ መዘምር ይቀራል፤ ቀጥሎ መሪጌታው ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል፤ በመጨረሻም የአብነት ተማሪዎቹ መምህራቸውን ተከትለው ይበተናሉ።

የትምህርቱ ዓላማ የደቡብ ወሎ አጥቢያዎች፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ ያሉት፣ የመዘምራንን አገልግሎት ማን እንደሚመራው፣ ማን እንደሚደግፈውና ማን እንደሚቆጣጠረው በግልጽ ለይተው እንዲወስኑ መርዳት ነው። በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ በክፍል በክፍል እየተነበበ ለውይይት እንዲውል ተደርጎ ተዘጋጅቷል።

፩. ማኅሌት የስንት ሰው አገልግሎት ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተነሣው ከቅዱስ ያሬድ የተቀበለችው ዜማ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜም ነው። ይህን ዜማ ለመቆም የሚበቃ ሰው በአጭር ጊዜ አይገኝም። ተማሪው ከንባብና ከዳዊት ተነሥቶ ጸዋትወ ዜማን፣ ድጓን፣ ዝማሬ መዋሥዕትንና አቋቋምን ለመማር ከዐሥር ዓመት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። በድጓ ለመመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ በዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ በአቋቋም ወደ ጎንደር በዓታ መሄድ የቆየ ሥርዓት ነው። የወሎ ምድርም የራሱ ድርሻ አለው። የዋድላ ቅኔ ቤት ስመ ጥር ነው፤ ከደሴ ብዙም የማይርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የታላላቅ አባቶች መማሪያ ነበረ።

በአጥቢያው ውስጥ የመዘምራኑ አቋቋም ሥርዓት ያለው ነው። መሪጌታው ዜማውን ይመራል፤ ቀኝ ጌታው በቀኝ፣ ግራ ጌታው በግራ የቆሙትን ያስተባብራሉ። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ በአንድ ወገን በቂ ሰው ካልቆመ ጉድለቱ የዚያ ወገን ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መላው አገልግሎት ይደክማል።

ከዚህ ባሻገር ደግሞ በመዘምራን ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የማይገኝ አገልጋዮች አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ ሥርዓቱን ይጠብቃል። ጸሐፊው የአገልግሎት ተራውንና የደብዳቤውን ሥራ ይይዛል። ሒሳብ ሹሙና ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ይመዘግባሉ። የንብረት ኃላፊው አልባሳቱን፣ ጸናጽሉን፣ ከበሮውንና የብራና መጻሕፍቱን ያስረክባል፣ ይረከባል። ጥበቃው በእኩለ ሌሊት በሩን ይከፍታል። እናቶችና የጽዋ ማኅበራት ሌሊቱን ሙሉ የቆሙት አገልጋዮች ከቅዳሴ በኋላ የሚቀምሱትን ያዘጋጃሉ። በመጨረሻም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉት የሰበካ ጉባኤው ምእመናን ይህ ሁሉ እንዲሟላ በጀት ይይዛሉ፣ ይወስናሉ፣ ይቆጣጠራሉ። የማኅሌት አገልግሎት የእነዚህ ሁሉ የጋራ ሥራ መሆኑን መቀበል የዚህ ትምህርት መነሻ ነው።

፪. ከመሬት ወደ ሰበካ ጉባኤ

የዛሬውን የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት ለመረዳት ከእርሱ በፊት መዘምራንን ማን ይመግብ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። በቀደመው ዘመን የመዘምራን ኑሮ የተመሠረተው በመሬት ላይ ነበር። በየአገሩ ስሙና ሥርዓቱ ቢለያይም፣ ሪም ወይም ሰሞን በሚባል ስም ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የተሰጠ መሬት ነበረ። መሬቱን የያዘው ሰው በተራው በማኅሌት ይቆማል፤ ራሱ መቆም ባይችል ምትክ ያቆማል። መሬቱና አገልግሎቱ የተሳሰሩ ስለነበሩ ለመዘምራኑ የተለየ በጀት የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አያስፈልግም ነበር። ሥርዓቱ ጭሰኛውን የሚከብድ ሸክም እንደነበረው መካድ አይቻልም፤ የማኅሌቱን ቀጣይነት ግን ለረጅም ዘመን ጠብቆታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ይዞታ ሥር ገቡ። ቤተ ክርስቲያን በገጠር የእርሻ መሬቷን፣ በከተማ ደግሞ የኪራይ ቤቶቿን በአንድ ዓመት ውስጥ አጣች። ለዘመናት የመዘምራኑ እንጀራ የነበረው መሠረት በወራት ውስጥ ተነሣ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ከመሆኑ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ታውጆ ነበር። ደንቡ አጥቢያው በካህናት፣ በምእመናንና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተወካዮች እንዲመከርበት፣ ምእመናንም በአባልነት ተመዝግበው በገንዘባቸውና በእውቀታቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲረዱ የሚያዝዝ ነው። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ሊቀ መንበር ሲሆን፣ ምክትሉ ከምእመናን ወገን ይመረጣል። መሬቱ ሲወሰድ አገልግሎቱ ፈጽሞ ያልተቋረጠው ይህ ሥርዓት ስለ ነበረ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሪሙና ሰሞኑ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ሰበካ ጉባኤው ነው። አባላቱ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስበው ሪፖርት የሚሰሙ አማካሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የመዘምራኑ ኑሮ ምሰሶ ሆነው የተተኩ ናቸው። መሬት ሳይጠየቅ በየዓመቱ እህል ይሰጣል። ሰበካ ጉባኤ ግን ካልተሰበሰበ፣ ካላቀደና ካልተቆጣጠረ ምንም ፍሬ አይሰጥም።

፫. ነህምያ ያየውና ያደረገው

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በግልጽ ይናገሩበታል። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ ቅዱስ ዳዊት በ24 ክፍል የተመደቡ 288 የሠለጠኑ መዘምራንን ሥርዓት ሰጥቷቸዋል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 15 የዜማ አለቃ የሆነው ክናንያ የተሾመው ዐዋቂ ስለ ነበረ መሆኑ ተጽፏል። የዜማ አመራር ለባለሙያው የሚሰጥ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ለዛሬው ትምህርታችን የበለጠ የሚጠቅመን ግን የነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 13 ነው። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ ሲመለከት ሌዋውያንና መዘምራን ከቤተ መቅደሱ ወጥተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደዋል። የሄዱበት ምክንያት የእምነት ጉድለት አልነበረም፤ የሚገባቸው ድርሻ ስላልተሰጣቸው ነው። የነህምያን እርምጃ በቅደም ተከተል እንመልከት።

በመጀመሪያ የወቀሰው ሹማምንቱን ነው፤ መዘምራኑን አልወቀሰም። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሰማው ወቀሳ ከዚህ የተለየ ነው። አንድ መሪጌታ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ደብር ሲሄድ ገንዘብ ወዳድ ይባላል፤ ድርሻውን ማን እንዳጓደለበት ግን አይጠየቅም።

ሁለተኛ፣ የተበተኑትን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው። ሕዝቡ ዐሥራቱን እንዲያመጣ የሆነውም ከዚህ በኋላ ነው። ምእመናን አገልግሎቱ ሲቆም በዓይናቸው ሲያዩ ለመስጠት ይነሣሣሉ።

ሦስተኛ፣ በግምጃ ቤቱ ላይ አራት ሰዎችን ሾመ፦ ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅን፣ ከሌዋውያን ፈዳያን፣ ከእነርሱም ጋር ሐናንን። የተመረጡት የታመኑ ሆነው ስለ ተገኙ ነው፤ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማከፋፈል ነበር። በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ካህን አለ፣ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ አለ፣ ከአገልጋዮቹ ወገን የሆነ ተወካይ አለ፣ ረዳትም አለ። ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ አልተተወም። ድርሻው የሚከፈላቸውም ወገኖች በውሳኔው ውስጥ ድምፅ ነበራቸው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ማዕዱን የሚያስተዳድሩ የታመኑ ሰዎች ሲገኙ፣ እነርሱ ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት መትጋት ቻሉ። የማዕዱ አገልግሎት ስላነሰ ለሌላ አልተሰጠም፤ የተሾሙበት ሰዎች መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆን ነበረባቸው።

፬. የማን ሥራ ከየት እስከ የት ነው?

በአጥቢያዎች ውስጥ ለሚነሡት አለመግባባቶች ብዙውን ጊዜ ምክንያት የሚሆነው የሥራ ድንበር አለመለየቱ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል በመሪጌታው ሥራ ገብቶ ማን ወረብ እንደሚመራ ሲያዝዝ፣ ወይም መዘምራኑ ያለ ደረሰኝ ከምእመናን ገንዘብ ሲሰበስቡ፣ ሁለቱም ወገን ከድንበሩ ወጥቷል። ስለዚህ የሚከተለው አከፋፈል በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በሰበካ ጉባኤው ጸድቆ፣ በቃለ ጉባኤ መዝገብ እንዲቀመጥ እንመክራለን።

ለመሪጌታው፦ የዜማው ይዘት፣ የመዘምራኑ ልምምድ፣ የቀኝና የግራ አመዳደብ፣ የተማሪዎች ትምህርትና ምዘና። በእነዚህ ጉዳዮች የኮሚቴ ድምፅ ብልጫ ቦታ የለውም።

ለአስተዳዳሪው፦ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን መጠበቁን መከታተል፣ የአገልጋዮችን ዲሲፕሊን መምራት፣ በመሪጌታውና በኮሚቴው መካከል አለመግባባት ሲነሣ ማስታረቅ።

ለጽሕፈት ቤቱ ቅጥር ሠራተኞች፦ የሰዓትና የተራ መዝገብ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የንብረት መዝገብ። ሠራተኞቹ የተወሰነውን ይፈጽማሉ፤ ያልተወሰነ ወጪ አይከፍሉም።

ለሰበካ ጉባኤው፦ ዓመታዊ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ ገቢ ማፈላለግ፣ የመዘምራኑን ደመወዝ በወቅቱ መከፈሉን ማረጋገጥ፣ ሒሳቡን ማስመርመርና ለምእመናን ማሳወቅ።

ለበጎ ፈቃድ መዘምራን፦ በተመደቡበት ተራ መገኘት፣ ልምምድ አለማጓደል። በልጅነታቸው አቋቋም ተምረው ዛሬ በመንግሥት ሥራ፣ በንግድ ወይም በሾፌርነት የሚተዳደሩ፣ በበዓላት ግን መጥተው የሚቆሙ ወንድሞች ትልቅ ሀብት ናቸው። ይሁን እንጂ እነርሱ አሉ ተብሎ የቋሚዎቹ መዘምራን ደመወዝ መቀነስ የለበትም። ትርፍ ሰዓቱን የሚሰጥና መላ ኑሮውን ያዋለ ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

በዚህ ክፍል ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ነጥብ አለ። የሰበካ ጉባኤ ተመራጮች የሥራ ዘመን 3 ዓመት ነው። ኮሚቴው ሲለወጥ የቀድሞው ውሳኔ አብሮ እንዳይረሳ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። የመዘምራኑ ስም ዝርዝር፣ የደመወዛቸው መጠን፣ የተገባላቸው ቃልና ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ይህ ሁሉ ተፈርሞ ይተላለፍ። መሪጌታው የሚያምነው አስተዳደር፣ ሰው ቢለወጥ ቃሉን የማይለውጥ አስተዳደር ነው።

የውጭውን ዓለም ልምድ ማየትም አይጎዳም። በብሪታንያ በዌልስ ምድር ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የወንዶች የመዘምራን ማኅበራትን መሥርተው ነበር። ቀን በጉድጓድ ውስጥ የዋሉ ሰዎች ማታ ለልምምድ ይሰበሰቡ ነበር። ዜማውን የሚመራው ባለሙያው ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ከአባላቱ መካከል በየጊዜው የሚመረጡ ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የከሰል ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ ከማኅበራቱ ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። እምነታቸውና ዜማቸው ከእኛ የተለየ ነው፤ ሆኖም መተዳደሪያቸው የነበረው ሥራ ሲጠፋ መዝሙሩ አብሮ ያልጠፋው ጠንካራ የአባላት አስተዳደር ስለ ነበራቸው መሆኑ፣ መሬቷን ላጣችው ቤተ ክርስቲያናችን አጥቢያዎች የሚያስተምረው ነገር አለ።

፭. የደሴና የኮምቦልቻ ልዩ ሁኔታ

ደሴ በተራሮች መካከል ያለች፣ የደቡብ ወሎ ሀገረ ስብከት መቀመጫ ናት። ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁል ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት የፋብሪካ ከተማ ናት። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ የተያያዙ ቢሆኑም የመዘምራኑ አገልግሎት የሚገጥመው ፈተና በመጠኑ ይለያያል።

በደሴ ዋናው ጉዳይ የኑሮ ውድነትና የቤት ኪራይ ነው። ከገጠር ድጓና አቋቋም ይዞ የመጣ መምህር በከተማው ቤት ተከራይቶ፣ ቤተሰብ አስተዳድሮ፣ ተማሪዎችንም አስጠግቶ መኖር ይከብደዋል። በዚህ ምክንያት ለመሪጌታው በግቢው ውስጥ ወይም በአቅራቢያው መኖሪያ ቤት ማዘጋጀት ደመወዝ ከመጨመር የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 መዘምራኑ ቀንና ሌሊት በሥራቸው ላይ ስለ ነበሩ በቤተ መቅደሱ ጓዳዎች ይኖሩ እንደነበር የተጻፈውን ልብ ይሏል። የተማሪዎቹን ማደሪያ በተመለከተም አዲስ ሕንፃ ሲታቀድ ከሱቆቹ ጎን ጥቂት ክፍሎች ለአብነት ትምህርት ቤቱ እንዲለዩ መወሰን ይቻላል።

በኮምቦልቻ ደግሞ የፈረቃ ሥራ አለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎችና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን ወደ ከተማዋ ስበዋል። ከእነዚህ መካከል ዜማ የተማሩ ወይም ለመማር የሚፈልጉ ይገኛሉ። የሌሊት ፈረቃ ያለበት ወጣት ግን በበዓል ሌሊት መቆም አይችልም። ፈተናው የሚጎላው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በወርኃ ጽጌ ነው፤ ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቆም። ስለዚህ ጸሐፊው የበጎ ፈቃድ መዘምራኑን የፈረቃ ሰሌዳ አስቀድሞ ተቀብሎ በነሐሴ ወር የጽጌን ተራ ቢያዘጋጅ፣ ልምምዱም በሁለት ሰዓት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ቢሰጥ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰሌዳ የሚይዝ አንድ ትጉ ሰው ነው።

ሁለቱንም ከተሞች የሚያገናኝ ሌላ ጉዳይ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰው በጥቅምት ወር ሁለተኛ አጋማሽ፣ በዚያው በወርኃ ጽጌ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች በሁለቱ ከተሞች ተጠልለው ነበር፤ ኋላም የከተሞቹ ነዋሪዎች ራሳቸው ተሰደዱ። እንዲህ ባለው ጊዜ የትኛው አጥቢያ መዘምራኑን ቶሎ መልሶ ይሰበስባል? መዘምራኑ እነማን እንደሆኑ፣ ቤተሰባቸው የት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ያለው፣ የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ የሚሆን መጠባበቂያ ያስቀመጠ፣ የብራና መጻሕፍቱንና የንዋያተ ቅድሳቱን ዝርዝር ከአንድ ቦታ በላይ ያኖረ አጥቢያ ነው። እነዚህ ሦስቱ በሰላሙ ጊዜ የሚሠሩ የጽሕፈት ቤት ሥራዎች ናቸው፤ ጥቅማቸው የሚታወቀው ግን በመከራ ቀን ነው።

፮. በጀቱን በቁጥር እንመልከተው

ብዙ ጊዜ ስለ መዘምራን ደመወዝ የሚደረገው ውይይት በስሜት ይጀመርና ያለ ውሳኔ ያበቃል። ቁጥር ሲገባበት ግን ይለወጣል። ለማስተማሪያ ያህል አንድ አጥቢያ እናስብ። 300 የተመዘገቡ አባወራዎች አሉት እንበል። እያንዳንዳቸው በወር 40 ብር ቢከፍሉ የወሩ ገቢ 12,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ለመዘምራን አገልግሎት ቢመደብ 4,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ዛሬ ባለው ኑሮ አንድ መሪጌታን እንኳ በቅጡ እንደማያኖር ለማወቅ ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ስሌት ለምእመናን በግልጽ አስረድተን፣ መዋጮው 100 ብር ቢደርስ እንበል። የወሩ ገቢ 30,000 ብር፣ የመዘምራኑ ድርሻ 10,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ በየወሩ 1,000 ብር ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ 9,000 ብር ለክፍያ ይቀራል። በ27 ወር ውስጥ 27,000 ብር፣ ማለትም የሦስት ወር ሙሉ ክፍያ፣ በመጠባበቂያ ሒሳብ ይጠራቀማል። ይህም የአንድ ኮሚቴ የሥራ ዘመን ሳያልቅ የሚፈጸም ነው።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ይተካ። ዐሥራት በኩራት፣ ስእለት፣ ሙዳየ ምጽዋትና የሕንፃ ኪራይ ያላቸው አጥቢያዎች እነዚህንም በስሌቱ ያስገቡ፤ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት የሚተላለፈውንም አስቀድመው ይቀንሱ። ዋናው ነገር ለመዘምራን የሚመደበው ድርሻ ከሌላው ወጪ የተረፈ እንዳይሆን፣ በበጀቱ ውስጥ የራሱ መስመር እንዲኖረው ነው። ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ምእመናን በደስታ ይሰጣሉ፤ ሥራው ይታያልና። ጉልላቱ ከተሰቀለ በኋላ በውስጡ የሚቆም መዘምር ከሌለ ግን የሰጡት ሁሉ ሙሉ ዋጋውን አያገኝም። ስለዚህ የግንባታ ኮሚቴ ባለበት አጥቢያ የግንባታው ሒሳብና የአገልጋዮች ሒሳብ ተለይቶ ይያዝ፤ አንዱ ከሌላው እንዳይበደር ይወሰን።

የእርጅና ጉዳይም አለ። ዕድሜውን በማኅሌት የጨረሰ አባት ጉልበቱ ሲደክም ደጅ የሚጠና መሆን የለበትም። በሀገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው የደመወዙን 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። አጥቢያዎች ቅጥር አገልጋዮቻቸውን በዚህ ሥርዓት የሚያስመዘግቡበትን መንገድ ከሀገረ ስብከቱና ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር ቢመክሩ መልካም ነው። ያ እስኪፈጸም ድረስም ለአረጋውያን መዘምራን የሚሆን ትንሽ ሒሳብ መክፈት ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

፯. በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ምን እናድርግ?

በመጀመሪያው ወር፦ የመዘምራንና የአብነት ተማሪዎች መዝገብ ይዘጋጅ። ቋሚና በጎ ፈቃደኛ ተለይቶ ይጻፍ። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ከነመጠኑ ይታወቅ።

በሁለተኛው ወር፦ አስተዳዳሪው፣ መሪጌታው፣ ሒሳብ ሹሙና ከምእመናን የተመረጡ ሁለት ሰዎች ያሉበት አነስተኛ ኮሚቴ ይቋቋም። የሥራ ድንበሩን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሰበካ ጉባኤው ያቅርብ።

በሦስተኛው ወር፦ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ገለጻ ይደረግ። የመዘምራኑ ወጪ ስንት እንደሆነ፣ አሁን ስንት እንደሚገኝ፣ ጉድለቱ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይነገር። ሕዝብ የተደበቀበትን ጉድለት አይሞላም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የማኅሌት አገልግሎት ባለፈው ዓመት ታጉሎ ያውቃልን? ከታጎለ ምክንያቱ የመዘምራኑ ነበር ወይስ የአስተዳደሩ?

2. ነህምያ ከሾማቸው አራት ሰዎች አንዱ ከሌዋውያን ወገን ነበር። በእኛ የገንዘብ ውሳኔ ውስጥ የመዘምራኑ ድምፅ የሚሰማው በማን በኩል ነው?

3. መሪጌታችን ነገ ቢታመም ወይም ቢሄድ ተተኪው ማን ነው? እርሱን ለማብቃት ምን እያደረግን ነው?

4. አሁን ያለው ኮሚቴ የሥራ ዘመኑን ሲጨርስ ለተተኪው በጽሑፍ የሚያስረክበው ምን አለ?

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ከስብሰባ በኋላ ደክሟችሁ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የሠራችሁት ሥራ ተራ የወረቀት ሥራ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በወቅቱ የተፈረመ የደመወዝ ዝርዝር ግን አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር እንዲቆይ ያደርጋል፤ እርሱ ሲቆይም የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል። ኮሚሽናችንም ልማት የሚጀምረው አገልጋዩ ሰው በሰውነቱ ሲከበር መሆኑን ስለሚያምን፣ በዚህ ረገድ የምትወስኑትንና የምታገኙትን ልምድ በጽሑፍ ብታደርሱን ለሌሎች አጥቢያዎች ትምህርት እንዲሆን እናካፍለዋለን።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ አገልግሎታችሁን ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።